ባዳ ጥርስ

በርገን ላይ ይዘንባል።
ትናንት ዘንቦ ነበር፣ ነገም ይዘንባል፤
ከተራራው ትከሻ የወረደው ጉም
ወደቡ ላይ ቆሟል።

ቶርላይፍ ካፖርቱን ሳያወልቅ ገባ፣
ጃንጥላው በበሩ ጠብ ጠብ እያነባ።
ከደረት ኪሱ ውስጥ የክብሪት ቀፎ አወጣ፤
በጥጥ ተጠቅልላ
አንዲት ቅንጣት ብሎን መዳፌ ላይ መጣች፣
ከገብስ ፍሬ እንኳን እምብዛም ያልረዘመች፣
አራት ዓመት ሙሉ በመንጋጋው አጥንት ተተክላ የኖረች፣
አንድ ማለዳ ግን
ከዳቦ ቁራሽ ጋር ተነቅላ የወጣች።

«አጥንቴ ወዷት ነበር» አለ፣ «ምን እንዳጣላቸው እንጃ።
ጥሩምባውን ከንፈሬ ላይ ሳሳርፍ
ከሥር የሚሸሽ ነገር፣ የሚመግል ነገር።
ግንቦት እየመጣ፣ ልጆቹ ሰልፍ አላቸው፤
የመጀመሪያዋን ድምፅ ላሰማቸው ስል
አየር ብቻ ወጣ።»

ጥርስ ባዳ ነው ይሉታል፤ ልብ ሲያለቅስ ይስቃል።
የዚች ባዳ ጥርስ ግን
የቱ ሲስቅ የቱ እንዳለቀሰ ማን ያውቃል?

ማታ በማይክሮስኮፕ ሥር አስተኝቼ አየኋት።
ለካ ብሎንም ጥርስ አላት!
በጥርሶቿ መሀል፣ በጠመዝማዛው ቦይ፣
ድር ቢያብር የሚለውን ተረት
ሰው ብቻ የሰማው ይመስለኝ ነበር፤
እነዚህም ሰምተዋል።
ለብቻዋ ስትሆን ምራቅ የሚያጥባት፣ ብሩሽ የሚገፋት
ሺህ ሆና ስታብር
ድሯን አድርታ፣ ቅጥሯን አጥራ፣
መድኃኒት በደጇ ያልፋል ለሷ ሳይጠራ።
አጥንቱም አልተዋጋም፤ ሸሸ፣
በየዓመቱ ጥቂት፣ የጥፍር ውፍረት ያህል፣
ሳያምም፣ ሳይናገር።

ራግና ሰባት ዓመቷ ነው ልባስ ስትፈልግ።
በቲታንየም ገላ ላይ ብር ትረጫለች፣
ከፀጉር እጅግ የሳሳ ካባ።
ባለፈው መስከረም
ብሩን ስታበዛው ባክቴሪያው አለቀ፤
ሳህኑ ጥርት አለ፣ አጨበጨብን።
ማግሥቱን የአጥንት ሕዋስ ብናሳርፍበት
እሱም አብሮ አለቀ።
ብሩን ስትቀንሰው ሕዋሱ ለመለመ፤
ምን ያደርጋል፣ ጠላቱም ለመለመ።
ብር ጠባዩ ይሄ ነው፤
ሲያንስ ቤት አያድን፣ ሲበዛ ቤት ይፈጃል፤
ልኩን ያገኘ እንደሆን እስቲ ይንገረን።

አሁን በማሞቂያው ያለችው ብልኃቷ ሌላ ነው፤
ብሯን ባንዴ አትሰጥም፣
እንደ ክረምት ስንቅ በቁንጥር ትፈታለች።
ስድስተኛ ሳምንቷ።
ራግና ምንም አትልም፤ በጠዋት ግን
ካፖርቷን ሳትሰቅል ማሞቂያው ጋ ትሄዳለች።

«ለኔ ይደርሳል?» አለኝ ቶርላይፍ።
አዎ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።
ከሳህን ወደ በግ መንጋጋ፣ ከበግ ወደ ሰው፣
ከፊርማ ወደ ፊርማ፤
እሱ ሰባ አራት ዓመቱ ነው።
ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።
ዝምታዬን አነበበው መሰለኝ፣
የክብሪት ቀፎውን ወደኔ ገፋ።
«እንግዲያው እናንተ ዘንድ ትኑር።
እኔ ከበሮውን እይዛለሁ፤
ከበሮ ጥርስ አይጠይቅም።»

በሰልፉ ቀን ሥራ ነበረኝ። መስኮቱን ከፈትኩ።
ዝናቡ እንዳለ ነው፤ ልጆቹም እንዳሉ ናቸው፣
ጥሩምባዋን የያዘችው
የፊት ጥርሷ ገና የሚነቃነቅ፣ የወተት።
የመጀመሪያዋ ድምፅ ተሰነጠቀች፣
ሁለተኛዋ ቀናች።
ከሁሉም ኋላ፣ ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ፣
አንድ ከበሮ።

መስኮቱን ሳልዘጋ ተመለስኩ፣
ሳህኖቹ ላይ ቁጥር ልጽፍ።